ጤነኛዋን ዶሮ ታማለች ስላላለው መመርመሪያ

ለተከበሩ የእንስሳት ጤና ምርምር ተቋማችን ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለወንበርዎ የተሟላ ጤና እመኛለሁ። በአደባባይ፣ በጋዜጣ ለመጻፍ የደፈርኩት በጽሕፈት ቤትዎ በኩል የሞከርኩት ሁሉ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ከሚለው ቃል አላልፍ ስላለኝ ነው። ምናልባት አያስታውሱኝም። ምድር ቤት ባለው ላቦራቶሪ የምሠራው፣ የጽዳት ሠራተኞቹ «ባለዶሮው» የሚሉኝ ነኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፦ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ አንዷን ከያዘ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል፤ የታመመችውን ቶሎ የለየ ሰው ግን የቀሩትን ያተርፋል። እኛ ሰውነት በሽታን ከሚከላከልበት ከአንቲቦዲ ላይ ቫይረሱን ጨብጦ የሚይዘውን ቁራጭ ብቻ ነጥለን በመመርመሪያ ወረቀት ላይ አሳረፍነው። የዶሮዋ ጉሮሮ በጥጥ ይጠረጋል፣ ጥጡ ወረቀቱን እንዲነካ ይደረጋል። ቫይረስ ካለ ሁለት ቀይ መስመር፤ ከሌለ አንድ።

ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

፩. በእንግዶችዎ ፊት ለሚደረገው ሙከራ ከእህቴ ዶሮ ቤት ያመጣኋቸውን ሕመምተኞች «እነዚህማ ለካሜራ አይሆኑም» ብለው ስላስመለሱልኝ። እውነትም አይሆኑም ነበር። አንዷ አንገቷ ተጣሞ የራሷን ጀርባ ነበር የምታየው።

፪. በምትካቸው ከገበያ ስላስገዟቸው ነጫጭ፣ ወፋፍራም ዶሮዎች። ያምሩ ነበር፤ ጤናቸውም እንደ መልካቸው። መመርመሪያው በሁሉም ላይ አንድ መስመር ብቻ ሲያወጣ፣ ወደ እንግዶቹ ዞረው «አንድም በሽታ ማግኘት ያልቻለ የበሽታ መመርመሪያ» አሉ። ተጨበጨበ። እኔ መመርመሪያውን የሠራውን እጄን አየሁ። ለአፍታ እርስዎን አመንኩ።

፫. ከዚያ ወዲህ ምርመራው ተከልክሎ፣ ማቀዝቀዣው ተቆልፎ፣ ቁልፉ በእርስዎ ዘንድ እንዲቀመጥ ስላዘዙ። ቁራጮቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ሞተሩ መሥራቱን አዳምጣለሁ። ሌላ ሥራ የለኝም።

፬. እህቴ። ቁጥር ተሰጥቷት እዚህ መግባት አልነበረባትም፤ ሌላ ቦታ አጣሁላት። የምትኖረው በእነዚያ ዶሮዎች ነው። ትደውልና «አንተ ሰውዬ፣ የትኞቹን ልለይ? ወይስ ዕጣ ላውጣ?» ትለኛለች። አለቆቼ እየመከሩበት ነው እላታለሁ። «በሽታውስ ስብሰባው እስኪያልቅ ይጠብቃል?» ብላ ዘጋችብኝ።

ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማቀዝቀዣው ይከፈትልኝና ከተረፉት የሚተርፉትን ልለይላት። አይሆንም ካሉ ደግሞ ዶሮ ቤቷ ድረስ ይምጡና ያንን ውብ ንግግርዎን ይድገሙላቸው። ማጨብጨብ ባይችሉም ጸጥ ብለው ያዳምጣሉ፤ በየቀኑም ጸጥታቸው እየጨመረ ነው።

በጤነኛ ዶሮ ላይ በሽታ ማግኘት ስለተሳነኝ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ከቢሮዎ ወለል በታች፣ አንገቴን ደፍቼ፣

ባለዶሮው

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት ሾፌርዎ በጓሮ በር ገብቶ አንዲት ቀይ ዶሮ በሹራብ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከእርስዎ ቤት ናት፤ ዓይኗን አትገልጥም። «እትዬ ቶሎ መርምርልኝ፣ ሌሎቹ ሳይያዙ ብለዋል፤ ብቻ ጋሼ እንዳይሰሙ» አለኝ። መመርመር መከልከሉን ነግሬ ዶሮዋን መለስኩ። ማን እንደከለከለ ሲጠይቀኝ ግን ስምዎን መጥራት ፈራሁ። ባለቤትዎ ጋዜጣ ያነባሉ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።