ደመራ ያልከው እሳት

ውድ ገመቹ፣ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ አራት ክረምት አለፈ። የመቱ ዝናብ እንደሆነ ያው ነው፤ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። እቤት ሰላም ነን። የወጥ ቤቱን ቆርቆሮ አስቀይሬያለሁ፤ ልጅህ ቡሬ ከተማ ሥራ ይዛ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብዬ እጽፍልሃለሁ፣ አሁን ግን አላስቻለኝም። ገሜ፣ ሲኒማ ቤቱ አልፈረሰም!

አዎ፣ ያው የእኛው ሲኒማ ቤት። እኔ ልጅ ሳለሁ ከአዲስ አበባ ፊልም ይመጣለት የነበረው፣ በኋላ የቀበሌ ስብሰባ ብቻ ሲሰማ የኖረው፣ ከዚያ አንተ ተከራይተህ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ አስገብተህ ነፍስ የዘራህበት። ዲሹና ስልኩ ሰውን በየቤቱ ሲያስቀሩት የቡና መጋዘን ሆነ፤ አንተም በበሩ ባለፍክ ቁጥር ፊትህን ታዞር ነበር። ዘንድሮ ደግሞ ፈርሶ ሱቅ ሊሆን ነው ተባለ። ያን የሰማሁ ቀን እንደገና የቀበርኩህ መሰለኝ።

ያን የህንድ ፊልም ታስታውሰዋለህ? ዝናቡ ጣራውን ሲደበድበው ከፊልሙ ይልቅ የሚሰማው ያንተ ድምፅ ነበር። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ ስታስተረጉም ቋንቋውን የምታውቅ ትመስል ነበር። ህንድኛ ከየት አመጣህ ስልህ ፊታቸው ይናገራል ትለኛለህ፣ ውሸታም! መጨረሻው ላይ ልጁ ሞተ። ፊት ወንበር ላይ ግን ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት መውጣታቸው ነበር። አየሃቸው። ከዚያ «ሂን ዱኔ፣ ረፌ ጂራ! አልሞተም፣ ተኝቶ ነው!» አልክ። ህንዶች ሬሳ የሚያቃጥሉበት እንጨት ተከምሮ ሲነድስ? ደመራ ነው፣ ስለተሻለው ደስ ብሏቸው ነው ብለህ አረፍከው። የእናቱን ለቅሶ የደስታ እንባ አደረግከው። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ሳቄን በነጠላዬ አፈንኩ። ሕዝቡ ግን አጨበጨበ፤ መቱም ልጁ ድኗል ብላ ኖረች።

ባለፈው ሳምንት ስለ መፍረሱ ስብሰባ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተጠራ። ከከተማው አስተዳደር የመጣው ወጣት ኃላፊ ለመሆኑ ይህ ቤት ምን ታሪክ አለው ብሎ ጠየቀ። እኔ ያጠናሁትን ንግግር ልጀምር ተነሣሁ። ከኋላ አንዱ፣ ያ ህንዳዊ የዳነው እዚህ ነው አለ። አንድ ጎረምሳ በስልኬ አይቼዋለሁ፣ ልጁ ሞቷል ከማለቱ ቤቱ በሙሉ «ሂን ዱኔ!» ብሎ ተነሣበት። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን እያነሡ ለአንድ ህንዳዊ ነፍስ ሲሟገቱ ብታይ! ደመራውን በዓይናችን አይተናል አሉ እኮ!

ከዚያ እትዬ ዘውዴ ተነሡ።

«እሳቱን እኔም አይቻለሁ» አሉ። «ደመራ ጠፍቶኝ ነው? ግን ገመቹ ተኝቶ ነው አለኝ። ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ እንቅልፍ የወሰደኝ የዚያን ቀን ነው። የዚህ ቤት ታሪክ ይኸው ነው፣ ልጄ።»

ለካ ያውቁ ነበር! ይህን ሁሉ ዘመን እንዳታፍር ብለው ዝም ብለውልሃል። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ኃላፊውም ቃላቸውን መዝገቡ ላይ ጻፈ። ትናንት ውሳኔው መጣ። ቤቱ ይታደሳል፣ ለሱቁ ሌላ ቦታ ይፈለግለታል።

ይኸውልህ እንግዲህ፣ ቅዳሜ ያው ፊልም ይታያል፤ ወጣቶቹም መጥተው ያንተን ቦታ እኔ እንድይዝ ለመኑኝ። እምቢ ልል አፌን ከፍቼ እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ማለት አልቻልኩም፤ ድስቱን ጥጄ እረሳዋለሁ፣ ቀሚሴን ሦስቴ ቀያይሬ ለካሁ። በኦሮምኛዬ ስታሾፍብኝ ኖረሃል፤ ያቺን ቃል ግን አልስታትም።

እሳቱ ሲነድ እትዬ ዘውዴን አያለሁ፣ እሳቸውም ያዩኛል። ሁለታችንም እናውቃለን። ዝናብ ቢመጣ ከዝናቡ በላይ ጮኼ፣ አንተ እንዳልከው እላለሁ። ለዚያ ህንዳዊ ብቻም አይደለም፤ በሕይወት እስካለሁ ስለ አንተ ለሚጠይቀኝም ሁሉ መልሴ ይኸው ነው። ሂን ዱኔ፣ ገሜ። ረፌ ጂራ።

ያንተው አልማዝ