የባለካባው አሰልጣኝ የአቶ ከፋለ ወልደጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ከፋለ ወልደጊዮርጊስ ከአባታቸው ከአቶ ወልደጊዮርጊስ አንዳርጌና ከእናታቸው ከወይዘሮ ተዋበች ደስታ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በቡልጋ፣ በሚያዝያ ወር 1902 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው ነፍሳቸውን ይማርና፣ ልጃቸው ገና በማሕፀን ሳሉ ጀምረው በእርግጫ እረፍት ነሥተዋቸው እንደነበር ይናገሩ ነበር። ይህን ታሪክ ያዘጋጀችው ታናሽ እኅታቸው የትምወርቅም እርግጫው ከተወለዱ በኋላ እንዳልቆመ በገዛ ቅልጥሟ ትመሰክራለች።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በደብራቸው ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ከዚያም አዲስ አበባ ወደሚኖሩት አጎታቸው ተልከው ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። በትምህርታቸው ጎበዝ ነበሩ፤ የእጅ ጽሕፈታቸውም ያማረ ነበር። ይሁን እንጂ ከአርመንና ከግሪክ ልጆች ጋር እግር ኳስ ሲጫወቱ እየዋሉ፣ ሁለት የፊት ጥርሳቸውን ሜዳ ላይ ጥለው ስለመጡ፣ አጎታቸው ቄስ ይሆናሉ ብለው የያዙትን ተስፋ በዚያው ቆረጡ።

በጠላት ወረራ ዘመን ወደ ትውልድ አገራቸው ተመልሰው ለአርበኞች ስንቅ ሲያቀብሉ ቆዩ። በ1934 ዓ.ም. በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ተቀጠሩ፤ በዚያው ዓመት ከወይዘሮ አሰገደች ይፍሩ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1936 ዓ.ም. ወደ መቀሌ ተዛወሩ። ዝውውሩን እንደ ግዞት የቆጠሩ ዘመዶች አልቅሰው ሸኟቸው። እርሳቸው ግን ገና ከመኪና እንደወረዱ ለመጀመሪያው መንገደኛ ያቀረቡት ጥያቄ የሚከራይ ቤት የት ይገኛል የሚል ሳይሆን፣ ድንጋይ የሌለበት ሜዳ የት ይገኛል የሚል ነበር። ወይዘሮ አሰገደች ሕፃን ታቅፈው ሻንጣ ላይ ተቀምጠው ይህን እንደሰሙ፣ ትዳራቸው ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ገባቸው።

የሚፈልጉትን ሰው ያገኙት በጨው ገበያው ነበር። ከአፋር የመጣውን ጨው ከግመል የሚያወርዱ የወሎ ልጆች አሞሌውን ሰልፍ ይዘው ከእጅ ወደ እጅ ይቀባበላሉ፤ አሞሌ ከወደቀ ስለሚሰበር አንዱም አይጥልም። አቶ ከፋለ አፋቸውን ከፍተው ሲያዩ ቆዩና፣ ኳስንም እንዲሁ እንደ አሞሌ ተቀባበሉ፣ የጣለ ሰብሯል ብለው አስተማሯቸው። የጨው ተራ ቡድን የተመሠረተው በዚህ ዓይነት ነው። ትግርኛቸው እስከ መጨረሻው ድረስ ስላልተቃናላቸው ሜዳ ላይ በቁጣ ሲጮኹ ባላጋራው ቡድን ሳይቀር ይስቅ ነበር፤ በመቀሌ ያደጉት ልጆቻቸውም ቤት ውስጥ በትግርኛ ይሳሳቁባቸው ነበር። እርሳቸው ግን ጎል ትርጁማን አይፈልግም ይሉ ነበር።

በ1939 ዓ.ም. ከአስመራ የመጣ ቡድን ከጨው ተራ ጋር ተጋጠመ። አስመራ ያን ጊዜ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ስለነበረች እንግዶቹ የይለፍ ወረቀት ይዘው፣ ኬላ አልፈው የመጡ ነበሩ። በዚያ ቀን የጨው ተራው ወጣት ጀላሉ ብቻውን ሦስት ጎል አገባ። የዕለቱ የክብር ሽልማት ግን ለአንድ ባለሥልጣን የወንድም ልጅ ተሰጠ። ልጁ ያን ቀን የሠራው ነገር ቢኖር ኳስ ጀርባውን መትታው መውደቁ ነው። አቶ ከፋለ በንዴት በገኑ። ዓይን ያወጣ አድልዎ እያዩ ሆድ ይፍጀው ብለው የሚያልፉ ሰው አልነበሩምና፣ ሌባን በአውጫጭኝ የሚያወጣ አገር ጎበዝን ማውጣት እንዴት ያቅተዋል ብለው ተነሡ።

አውጫጭኝ፣ ሁላችን እንደምናውቀው፣ ከብት ሲጠፋ ወይም ጎተራ ሲዘረፍ የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ የሚቀመጥበት፣ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም የማይነሣበት የአባቶች ሥርዓት ነው። በአደባባይ መናገር የፈራ ሰው ያየውን ለሽማግሌ በስውር ሹክ ይላል። ይህ ስውር ምስክር ወፍ ይባላል፤ ወፍ ማን እንደሆነም አይገለጥም። አቶ ከፋለ ይህንኑ ሥርዓት ወደ እግር ኳስ አመጡት። የጨው ተራ፣ የመምህራን፣ የየመን ባለሱቆችና የአስመራ ቡድኖች በየዓመቱ ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው እሑድ ወደ ኩሐ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ሜዳ እንዲሰበሰቡ፣ ከየቡድኑ አንድ ወፍ በምስጢር እንዲመረጥ፣ ወፍም የራሱን ቡድን ሰው እንዳይጠራ ተደነገገ። ለኮከብ ተጫዋች ከመድፍ ቀለሃ የተሠራ ዋንጫ፣ ለኮከብ አሰልጣኝ ወርቀ ዘቦ ጠርዝ ያለው ጥቁር ከፋይ ካባ ተዘጋጀ። የተጠራው ሰው በጉባኤው ፊት ቆሞ ሽልማቱን እስኪቀበል ድረስ ደግሞ ጉባኤው አይበተንም ተባለ። አቶ ከፋለ ስሙን ዓለም አቀፍ ሽልማት አሉት። የሳቁባቸው ነበሩ፤ እርሳቸው ግን ኬላ ተሻግሮ የመጣ ሁሉ ዓለም ነው ብለው መለሱ።

የመጀመሪያው ጉባኤ በጥር 1940 ዓ.ም. ተደረገ። አቶ ከፋለ የፍርድ ቤት ሰው አይደሉ፤ ልማዳቸው ያዛቸውና ያየህ ተናገር፣ የሰማህ መስክር፣ የደበቅህ ዕዳው በራስህ ነው ብለው በዚያ በሚያስፈራ ድምፃቸው ከፈቱት። ሕዝቡም አውጫጭኝን የሚያውቀው በሌባ ነውና ደነገጠ። አላየንም፣ አልሰማንም ማለት ተጀመረ። የጨው ተራ ልጆች ባልንጀራቸውን ለማዳን ተሽቀዳድመው፣ ጀላሉ እንኳንስ ጎል ሊያገባ በዚያ ቀን ከነጭራሹ ሜዳው አልደረሰም ብለው በአላህ ስም ሊምሉ ሲሉ አቶ ከፋለ ናቸው አፋቸውን የያዙት። ጎሉ የገባባቸው የአስመራው በረኛም ያገባብኝን ሰው መልኩን አላስታውስም አለ። በመጨረሻ አንዲት ወፍ ደፍራ የጀላሉን ስም ለሽማግሌዎቹ ሹክ አለች። ስሙ በአደባባይ ሲጠራ ጀላሉ እግሬ አውጪኝ አለ። አራት ቡድን ሙሉ ተከተለው፤ ሜዳ ላይ ማንም ያልያዘውን ሰው መንገድ ላይ ማን ሊይዘው?

አቶ ከፋለ በበቅሎ ተከታትለው ኩሐ፣ ከእጮኛው ከሙስሊማ አባት ግቢ አገኙት። ጀላሉ ዋንጫውን በእጃቸው ይዘው ሲያያቸው ለማስረጃ የመጣ መስሎት ከበቅሎው እግር ሥር ወደቀ። ጌታዬ፣ ጎሎቹን ያገባሁት እኔ ነኝ፣ ግን ክፉ አስቤ አይደለም ብሎ ተናዘዘ። አቶ ከፋለ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ዋንጫውን እየሳቁ አስታቀፉት። ጉባኤው አይበተንምና ሕዝቡ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። ጀላሉ በበቅሎ ተቀምጦ፣ አቶ ከፋለ ልጓሙን እየሳቡ ሲመለሱ እልልታው የኩሐን መንገድ ሞላው። ባለፈው ዓመት የተሸለመው የባለሥልጣኑ የወንድም ልጅ ሳይቀር ቆሞ አጨበጨበ።

ከዚያ ወዲህ ሽልማቱ በየዓመቱ እየደመቀ ሄደ። በ1944 ዓ.ም. የጨው ተራ አስመራን ሦስት ለአንድ ሲያሸንፍ፣ የአስመራው አሰልጣኝ አቶ መብራህቱ፣ ሓወይ፣ ወንድሜ ከፋለ፣ ልጆችህ ኳሷን እንቁላል አስመሰሏት እንዳሉ የሰማ ሁሉ ያወራዋል። ዋንጫው ለጨው ተራ ተጫዋቾች ተደጋግሞ ወጣ። አንድ ነገር ግን ጎደለ፤ ካባው። አቶ ከፋለ ጉባኤውን የሚመሩ ዳኛ ስለነበሩ ስማቸው እንዲጠራ ሥርዓቱ አይፈቅድም። ካባውን ለመምህራኑ አሰልጣኝ ለአቶ ደመላሽ፣ ለየመኖቹ አሰልጣኝ ለሼህ አብዱልጀሊል፣ ለአቶ መብራህቱ በተራ በተራ በገዛ እጃቸው አለበሱ።

በለቅሶ ላይ ሟቹ ሽልማትና ክብር የማይሹ ነበሩ ማለት የተለመደ ነው። ወንድማችን እንዲህ አልነበሩም። ካባውን ከልባቸው ይመኙት ነበር። ከጉባኤ በፊት ካባው የሚቀመጠው እቤታቸው ነበርና፣ አንድ ቀን ወይዘሮ አሰገደች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ባለቤታቸውን ካባውን ለብሰው በመስታወት ፊት ሲንጎራደዱ አገኟቸው። ወይዘሮ አሰገደች እንዳላየ ሆነው ወጥተው፣ ደጅ ቆመው ሦስት ጊዜ ካሳሉ በኋላ ተመልሰው ገቡ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግረው አያውቁም ነበር፤ ዛሬ እንዲነበብ የፈቀዱት እርሳቸው ራሳቸው ናቸው።

በ1948 ዓ.ም. አቶ ከፋለ የዳኝነቱን ወንበር ከጉባኤው ሽማግሌዎች አንዱ ለሆኑት ለአቦይ ዕቁባይ አስረክበው ከአሰልጣኞቹ ጋር ተቀመጡ። ጥቁር ሱፍ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጢማቸውን ተስተካክለው ነበር። ወፎቹ አቶ ደመላሽን ጠሩ። አቶ ከፋለ አጨብጭበው፣ እጅ ነሥተው ወደ ቤታቸው ገቡና እህል ሳይቀምሱ ተኙ። ነገሩ ከንክኗቸው ሰነበተ። ከአቶ ደመላሽም ጋር ለብዙ ጊዜ ሰላምታቸው ከባርኔጣ ማንሣት አላለፈም።

በ1949 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የጉበት ሕመም ጸናባቸው። ሐኪሙ ከአልጋ አይነሡ ቢላቸውም ወንበር አስወጥተው፣ ጋቢ ተከናንበው ከሜዳ ዳር እየተቀመጡ ያሠለጥኑ ነበር። ድምፃቸው ሲደክም ጀላሉ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ያሉትን እየተቀበለ ያስተጋባላቸዋል። በዚያ ዓመት የጨው ተራን ያሸነፈ ቡድን አልነበረም። ጥምቀት ሲደርስ ግን ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። የጉባኤው ዕለት ሜዳ ላይ ሲጠሩ የሚሰማ መስሏቸው መስኮቱ እንዲከፈት አዘዙ፤ ሜዳው ሩቅ ነበርና የሚሰማ ነገር አልነበረም።

የጨው ተራ ወፍ የራሷን ሰው መጥራት አትችልም። የቀሩት ሦስቱ ወፎች፣ የመምህራኑ፣ የየመኖቹና የአስመራው፣ ለየብቻቸው ለአቦይ ዕቁባይ ሹክ ያሉት ስም አንድ ሆነ፤ ከፋለ ወልደጊዮርጊስ። አሁን ምን ይደረግ? የተጠራው ሰው ቆሞ እስኪቀበል ጉባኤው አይበተንም፤ የተጠራው ሰው ደግሞ አልጋ ላይ ነው። ካባው ይላክላቸው ያሉ ነበሩ። አቦይ ዕቁባይ ግን ሕጉ አይበተን አለ እንጂ አይራመድ አላለም ብለው ፈረዱ። ጉባኤው እንደተሰበሰበ ተነሣ፤ ሽማግሌው ከፊት፣ ቡድኖቹ ከኋላ፣ ሕዝቡ ከዚያ ቀጥሎ፣ በአውጫጭኝ ላይ ወሬ ክልክል ነውና አንድም ሰው ሳይናገር በከተማው ሰሜን ወዳለው ቤታቸው ተመመ።

ወይዘሮ አሰገደች ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ ወደ ግቢያቸው ሲመጣ ሲያዩ፣ ባለቤታቸው ጓዳ ውስጥ አልፈው ሰው ሁሉ ቀድሟቸው የሰማ መሰላቸውና እሪ አሉ። በጩኸቱ አቶ ከፋለ ደነገጡ። ከአልጋቸው ወርደው፣ ግድግዳውን ተደግፈው እስከ ደጃፍ ወጡና ማን ሞቶ ነው ብለው ጠየቁ። አቦይ ዕቁባይ የሞተ የለም፣ ወፎቹ አንተን ጠርተው ነው ብለው ካባውን ዘረጉላቸው። በአገራችን ወግ የተሸለመ ሰው አይገባኝም ይላል። አቶ ከፋለ ግን ቀና ብለው ሕዝቡን አዩና ዘገያችሁ አሏቸው። ካባውንም ማንም ሳይደግፋቸው ቆመው ለበሱ። ያን ጊዜ የተነሣውን እልልታ የመቀሌ ሰው ገና ለብዙ ዘመን ያወራዋል።

ካባውን ከዚያ በኋላ አላወለቁትም። ጠያቂ የተቀበሉት ካባ ለብሰው፣ ሾርባ የጠጡት ካባ ለብሰው ነው። የነፍስ አባታቸው ሊያቆርቧቸው ሲመጡ ካባው ያስቀስፍ እንደሆነ ጠየቋቸው፤ አባም ስቀው፣ ባገኙት ነገር ደስ መሰኘት ኃጢአት አይደለም ብለው እንደለበሱ አቆረቧቸው። በጥር 21 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ በተወለዱ በአርባ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ወፍ ማን እንደሆነ እንዳይገለጥ ያዘዙት ራሳቸው አቶ ከፋለ ነበሩ። ከትናንት ጀምሮ ግን ይህ ሕግ ፈርሷል። አቶ ደመላሽ እንባቸውን እየጠረጉ ወደ ወይዘሮ አሰገደች ቀርበው፣ ወፏ እኔ ነበርኩ አሉ። ከእርሳቸው ቀጥሎ ሼህ አብዱልጀሊል፣ ቀጥሎ ከአስመራ በጭነት መኪና ሌሊቱን የተጓዙት አቶ መብራህቱ፣ ቀጥሎ በረኞቹ፣ ቀጥሎ ሜዳ ላይ ኳስ ነክተው የማያውቁ ባለሱቆችና አስተማሪዎች፣ እያንዳንዳቸው ወፏ እኔ ነበርኩ አሉ። ወፎቹ ሦስት ብቻ እንደነበሩ ወይዘሮ አሰገደች ያውቃሉ። ሁሉንም እጃቸውን ይዘው አመኗቸው።

አቶ ከፋለ ወልደጊዮርጊስ ከወይዘሮ አሰገደች ይፍሩ ሁለት ልጆች፣ ሸዋወርቅና በላይነህ ከፋለን አፍርተዋል። እኅታቸው የትምወርቅም በሐዘን ላይ ትገኛለች። ጀላሉ ከዘመድ ተቆጥሮ ከቤተሰቡ ጋር በድንኳኑ ራስ ተቀምጧል።

አምላከ ቅዱሳን፣ ሰው ለሰው ፍርድ ሲያጓድል ማየት ያልቻሉትን የወንድማችንን የከፋለን ነፍስ በማያዳላው ዙፋኑ ፊት በስማቸው ይጥራልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን። አሜን።