በጭንህ ላይ የተኛው ጊታር

ውድ ዘአማኑኤል፣

አርባህ ካለፈ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ካሳንቺስ፣ በምታውቀው የእንጨት ሥራ ቤቴ ውስጥ በሩን ዘግቼ ነው የምጽፍልህ። ቁም ሣጥን ያዘዘኝ ሰውዬ ሁለቴ አንኳኩቶ ሄዷል። ይከፋው፤ ዛሬ ለሱ የሚሆን ልብ የለኝም።

ይህን ነገር በሕይወት እያለህ ፊት ለፊት ልነግርህ ይገባ ነበር። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ጊዜ ነበረኝ። አልነገርኩህም። ሰምተህ የማትመልስልኝ ስትሆን ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። ምን ያህል ፈሪ እንደሆንኩ ከዚህ እወቀው።

ከግንቦት 2001 ልጀምር። ያኔ መብራት በፈረቃ ነበር። ከመርሃዊት ጋር ልትጋቡ አንድ ወር ቀርቷችሁ፣ «የሙሽራ አልጋ ከሱቅ አልገዛም፣ አብረን እንሥራው» ብለህ በየቀኑ እየመጣህ ታግዘኝ ነበር። ማታ ማታ ኦሎምፒያ፣ ሆቴሉ ውስጥ ከባንዱ ጋር ጊታር ትጫወታለህ፤ ጠዋት እኔ ጋ መጥተህ ሰጋቱራ ለብሰህ ትውላለህ። «ጣትህን ጠብቅ፣ እንጀራህ እኮ ነው» ስልህ ትስቅብኛለህ።

ያን ቀን አራት ሰዓት ገደማ የዋንዛውን ሳንቃ በመላጊያው ማሽን ስታስገባ መብራት ጠፋ። ማሽኑን አጠፋህና ሻይ ልትጠጣ ከመንገዱ ማዶ ጀሚላ ሻይ ቤት ተሻገርክ። አዎ፣ አጥፍተህ ነው የወጣኸው። በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ትንሽ ቆይቼ መብራት መጥቶ እንደሆን ልሞክር ብዬ ማብሪያውን ተጫንኩት። አልመጣም። ወዲያው ስልኬ ጠራ፤ ማብሪያውን ሳልመልሰው ስልኬን ይዤ ጓሮ ወጣሁ። አንተ ተመልሰህ ስትገባ የማሽኑ አፍ ላይ ሰጋቱራ ተጠቅጥቋል። መብራት የለም፣ ማሽኑንም ራስህ አጥፍተኸዋል፤ ምን ያስፈራሃል? እጅህን ሰደድክ። መብራት መጣ።

መጀመሪያ የሰማሁት የማሽኑን ድምፅ ነው፤ ያንተን ከዚያ በኋላ። ሸሚዜን ቀድጄ እጅህን አሰርኩት፣ ተሸክሜ አውጥቼ ላዳ ላይ ጫንኩህ። ከግራ እጅህ መካከለኞቹ ሦስት ጣቶች ሄዱ። አውራ ጣትህና ማርያም ጣትህ ብቻ ቀሩ።

በማግሥቱ ሆስፒታል ስገባ ነቅተህ ነበር። ፊትህ አመድ መስሎ ነበር።

«አምኃ፣ ማብሪያውን ሳላጠፋ ወጥቼ ነው አይደል?»

አንሶላህን ሳብ አድርጌ አስተካከልኩልህ።

«ያጠፋሁት መስሎኝ ነበር። ማለቴ፣ ሻይ ሻይ ብሎኝ ቸኮልኩ። በራሴ ላይ ያመጣሁት ነው፣ በቃ።»

«ተወው አሁን» አልኩህ።

ውሸቴ ያቺ አንዲት ቃል ነች። መጀመሪያ፣ ቁስሉ ይሻለውና እነግረዋለሁ አልኩ። ቀጥሎ የምሠራለት ጊታር ይለቅ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ሠርጉ ይለፍ አልኩ። በኋላ ሳስበው፣ እያንዳንዱን ቀጠሮ ያበጀሁት ለራሴ ነበር።

ሠርጉ ወደ ጥር ተላለፈ። ክረምቱን ሙሉ ወሎ ሰፈር፣ እናትህ ቤት ተኝተህ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ከረምክ። መርሃዊት እየመጣች ታለቅስብኝ ነበር፤ «አንተን ይሰማሃል፣ አነጋግረው» እያለች። እንዴት አድርጌ ላነጋግርህ? በነሐሴ መጨረሻ ዝናብ እየመታህ ይህን በር በርግደህ ስትገባ ግን የድሮው ዘአማኑኤል ነበርክ።

«ሜክሲኮ ኢንተርኔት ቤት ቪዲዮ ላይ አንድ ሰውዬ አየሁ» አልከኝ፤ «ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ክሩ ላይ ብረት እያንሸራተተ የሚጫወት። ክሩን በጣት መጫን የለም፣ አምኃ። ብረቱ ነው የሚሠራው። ላፕ ስቲል ይሉታል።»

«ከየት ይመጣል?»

«ከየትም አይመጣም። አንተ ትሠራልኛለህ።»

«ጊታር ሠርቼ አላውቅም እኮ።»

«እኔስ በሁለት ጣት ተጫውቼ አውቃለሁ?»

በማግሥቱ ጀመርን። ወንበር ላይ አስቀምጬህ የጭንህን ርዝመት፣ የጉልበቶችህን ስፋት በሜትር ለካሁ። የፍሪጅ ካርቶን ቀድጄ ቅርጹን ሣልኩበት። አንተ ካርቶኑን ጭንህ ላይ አድርገህ ዓይንህን ጨፍነህ ትጫወትበታለህ፤ ድምፅ የለ፣ ክር የለ። «ወደዚህ ይጥበብ፣ ክርኔን ይነካኛል» ትላለህ፤ እቆርጣለሁ። «አሁን ይንሸራተታል» ትላለህ፤ ከሥሩ ቆዳ እንለጥፋለን እልሃለሁ። አራት ካርቶን ጨረስን።

የመጀመሪያውን ከጽድ ሠራሁት። ቀላል እንዲሆንልህ ብዬ አሳሳሁት፤ ክሩን ወጥረን ባደርን በሦስተኛው ቀን እንደ ቀስት ጎበጠ። ሳየው ተስፋ ቆረጥኩ። አንተ ግን ጥግ ላይ የቆመውን የአልጋህን ሳንቃ፣ ያንን ዋንዛ፣ በአገጭህ አሳየኸኝ።

«እሱን አምጣው።»

«እሱን አልነካውም።»

«እንጨቱ ምን አደረገ? ጥፋቱ የኔ ነው።»

ሳንቃውን አነሳሁት። ዓይንህን ስሸሽ አይተህ ለኔ አዘንክልኝ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረግከኝ።

የድሮ ጊታርህን የፈታንበትን ቀን አልረሳውም። መቃኛዎቹና የክሩን ድምፅ ወደ ማጉያው የሚወስደው ፒካፑ ያስፈልጉን ነበር። ልጀምር ስል «ካቻቢቴውን ለኔ ስጠኝ» አልክና በቀኝ እጅህ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሃቸው። ሲያልቅ ባዶውን እንጨት በጋዜጣ ጠቅልለህ ወደ ቤትህ ወሰድከው።

ከዚያ ብረቱ መጣ። ያ ቪዲዮ ላይ ያየኸው ሰውዬ ብረቱን የሚይዘው አንተ በሌሉህ ጣቶች ነበር። ሜክሲኮ ቶርኖ ቤት ያላቸው አቶ ገብረጻድቃን እጅህን ተቀብለው ገለባብጠው አዩት። ከንፈራቸውን አልመጠጡልህም። «ልጄ፣ ምን ያህል ክብደት ትችላለህ?» ብቻ ነው ያሉህ። የመጀመሪያው ከበደህ፤ ሁለተኛው ቀለለና ክሩ ላይ ተንጫጫ። ሦስተኛውን ለአውራ ጣትህ ቀለበት አውጥተው፣ ለመዳፍህ የቆዳ ማሰሪያ የሚያልፍበት ቀዳዳ በስተው ሰጡን። ማሰሪያውን እኔ ሰፋሁት። እጅህ ላይ ስናስረው አብሮህ የተወለደ መሰለ።

ክሩ ከሚያርፍበት ጫፍ እስከ ጫፍ ሃምሳ ሰባት ሳንቲሜትር። ብረቱ የት እንደሚያርፍ የሚያሳዩትን የድምፅ መስመሮች በነጭ አጥንት አስገባኋቸው፤ የእያንዳንዳቸውን ርቀት አንተ ታሰላለህ፣ እኔ እሰነጥቃለሁ። አንዱን መስመር በሁለት ሚሊሜትር ስቼ ነቅዬ ደግሜ ሠርቼዋለሁ። አልነገርኩህም ነበር፤ እንዲያው ብተወው ግን በጆሮህ ታውቀው ነበር።

በጥቅምት አጋማሽ አለቀ። ክሮቹን በባቲ ቃኘህና ጭንህ ላይ አስተኛኸው። የመጀመሪያው ድምፅ ጅራቷን የተረገጠች ድመት ይመስል ነበር፤ ሁለታችንም ሳቅን። ትንሽ ቆይቶ ግን ብረቱ መንገዱን አገኘ። ድምፁ እንደ መሰንቆ እየተለመጠ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ እየሄደ ቤቱን ሞላው። ጀሚላ ብርጭቆ እንደያዘች መንገዱን ተሻግራ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ተጫውተህ ስትጨርስ እንባህ እየወረደ ነበር።

«አምኃ፣ እጄን መለስክልኝ» አልከኝ።

ያኔ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ፊትህን አየሁና ዘጋሁት። ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ብሎህ ሳይ፣ እኔ ነኝ እጅህን የበላሁት ልበልህ?

ወደ ሆቴሉ ተመለስክ። እየቆየ ሰው አንተን ለመስማት ብቻ ይመጣ ጀመር። አንተ ደግሞ በየምሽቱ ማይኩን ይዘህ «ይህን የሠራልኝ ወንድሜ ነው፤ ደሜ ሲፈስ ያዳነኝም እሱ ነው» ትላለህ። ሰው ወደኔ ዞሮ ያጨበጭባል። ተነስቼ እጅ እነሳለሁ። ጥቂት ጊዜ ቻልኩት፤ ከዚያ መምጣት አቆምኩ። ስትጠይቀኝ ሥራ በዛብኝ እልሃለሁ፤ አንተም ታምነኛለህ።

ዘንድሮ በታኅሣሥ መጨረሻ ጉበትህ ነው ተባለ። አሥራ አንድ ቀን ተኛህ። አንድ ከሰዓት በኋላ መርሃዊት ልጃችሁን ሉሊን ከትምህርት ቤት ልታመጣ ወጥታ ብቻችንን ቀረን። አሁን ነው ብዬ ወንበሬን አስጠጋሁ።

«ዘአማኑኤል፣ ያን ቀን እኮ...»

«ያን ቀን አንተ ባትኖር ዛሬ የለሁም» ብለህ አቋረጥከኝ። «ሠርጌን አላይም፣ ሉሊንም አላይም። ተነጋግረንበት አናውቅም እንጂ ሁሌ አስበዋለሁ።»

እጄን ያዝከኝ፤ በዚያችው በሁለቷ ጣት። ልነግርህ የመጣሁትን ውጬ «ደክሞሃል፣ ተኛ» አልኩህ። ከሁለት ቀን በኋላ አረፍክ።

በአርባህ ማግሥት ወሎ ሰፈር፣ ቤታችሁ ሄድኩና ለመርሃዊት በረንዳው ላይ ሁሉንም ነገርኳት። ስትቆጣ ወደ ትግርኛ የምትሄደው መርሃዊት፣ ያን ቀን በአማርኛ፣ ቀስ ብላ ነው ያናገረችኝ።

«አጥፍቶት ነበር?» አለች።

«አጥፍቶት ነበር።»

በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ከቤት ስንወጣ ከመንገድ እየተመለሰ ምድጃውን ሦስት ጊዜ ያያል» አለች። «በሩን ቆልፎ እንደገና ይሞክረዋል። ሉሊን ብቻውን ይዟት መንገድ ተሻግሮ አያውቅም፤ አንቺ ያዣት፣ እኔ ዝንጉ ነኝ ይለኛል። በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። ምን ሆነህ ነው ራስህን የማታምነው እያልኩ ስንት ጊዜ ሰድቤዋለሁ። አምኃ፣ ባሌ ዝንጉ አልነበረም።»

ዘአማኑኤል፣ ይህን አላውቅም ነበር። ጣትህን ብቻ የወሰድኩብህ ይመስለኝ ነበር።

ይቅር በይኝ አልኳት።

«ይቅር የሚልህ እሱ ነበር» አለች። «እኔ በሱ ፈንታ አልችልም። ሉሊ አባቷ ማሽን ሳያጠፋ ቀርቶ ጣቱ እንደተቆረጠ ነው የምታውቀው፤ ራሱ ነው እንድትጠነቀቅ እንዲህ በያት ያለኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት መጥተህ እውነቱን በራስህ አፍ ትነግራታለህ። እስከዚያ ግን ይህን ደጅ አትርገጠው።»

ተነሳሁ። ሳሎኑን አልፌ ስወጣ ሉሊ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ላፕ ስቲሉን ጭኗ ላይ አስተኝታዋለች። በሁለቱም በኩል ተርፏታል። አንተ ከሄድክ ወዲህ የነካው ስለሌለ ክሮቹ ረግበዋል።

«ጋሼ አምኃ፣ ድምፁ ተበላሸብኝ» አለችኝ። «ቃኝልኝ።»

ወደ መርሃዊት ዞርኩ። አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች።

«ሌላ ቀን፣ የኔ እናት» አልኳትና ወጣሁ።

ሉሊ አሁን ስድስት ዓመቷ ነው። ዘጠኝ ዓመት ይቀረኛል። ዕድሜ ከሰጠኝ በዚያን ቀን እሄዳለሁ፤ አባትሽ ማሽኑን አጥፍቶት ነበር፣ ያበራሁት እኔ ነኝ እላታለሁ። የምትለኝን ሁሉ ቆሜ እሰማለሁ።

«ያንተው» ብዬ ልፈርም ነበር፤ መብቱ ያለኝ አልመሰለኝም።

አምኃ
ካሳንቺስ፣ መጋቢት 2009 ዓ.ም.