አንድ ማይክሮፎን ለሁሉም ያብቃቁት የታላቅ ወንድሜ የሕይወት ታሪክ

የሙያ ጓደኞቻቸው «ጆሮ» እያሉ የሚጠሯቸው የድምፅ ቀራጺ ወንድማችን፣ ከአናጢው አባታችንና ከልብስ ሰፊዋ እናታችን፣ ለቤቱ የበኩር ልጅ ሆነው ተወለዱ። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ነኝ። ልጆቻቸው የተማሩ ሆነው ሳለ ጽሑፉ ለእኔ የደረሰው «ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቃቸው አንተ ብቻ ነህ» ተብሎ ነው። ዕድሜ ልኬን «አንተ» ስለው የኖርኩትን ሰው ዛሬ «እሳቸው» ማለት ምላሴን ቢያደናቅፈውም፣ ለሙት የሚገባ ክብር ነውና እንደ ደንቡ እጽፋለሁ። ስህተት ያገኘም ከአራተኛ ክፍል የወጣ ሰው እንደጻፈው ይወቅልኝ።

ያደግነው በአንዲት ጠባብ ቤት ነው። ሁለታችን አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ በዘፈን ቤቱን እያናወጥን ስላስቸገርን፣ አባታችን መኝታ ቤቱን በጣውላ ግድግዳ ከፍሎ እሳቸውን ወዲያ፣ እኔን ወዲህ አስተኛን። ዘፈኑ ግን አልቆመም። ሳንተያይ፣ አንድ፣ ሁለት ሳንል፣ እኩል እንጀምር ነበር። እናታችን ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «እነዚህ ልጆች በምን ይጠቃቀሳሉ?» ትል ነበር። ያኔ ጠይቃን ቢሆን እኛም አናውቀውም።

ወንድማችን ትምህርታቸውን እስከ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከታትለው በሬዲዮ ጥገና ተመረቁ። ለሁለት ልጅ የሚበቃ አቅም ስላልነበረ የተመረጠው በኩሩ ነው፤ እኔ መዶሻ ያዝኩ። ይህን የምለው ቅሬታ ኖሮኝ አይደለም። አለኝ፤ ግን ቦታው ዛሬ አይደለም።

እሳቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ ሁሉን ነገር በጆሮ የሚመረምሩ ሰው ነበሩ። አዲስ ቤት ሲገቡ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ፤ ቤቱ ጭብጨባውን እንዴት አድርጎ እንደሚመልስ ለመስማት ነው። የወደፊት ባለቤታቸው ወላጆች ቤት መጀመሪያ በሄዱበት ቀንም ሳሎን መሀል ቆመው አጨበጨቡ። አማታቸው ደንግጠው «ይሄ ልጅ ጤነኛ ነው?» ቢሉ፣ ልጅቷ «እሱስ ጤነኛ ነው፤ የቤታችንን ጤንነት እያየ ነው» አለች። በሙያቸው ጸሐፊ ከሆኑት ከእኚሁ ሴት ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ከጥገና ሥራ ወደ ሙዚቃ ቀረጻ ሲገቡ፣ የድሮ የብርድ ልብስ መጋዘን ተከራይተው የቀረጻ ክፍል አደረጉት። የተረፈውን ብርድ ልብስ ሁሉ ግድግዳው ላይ ሰቀሉት። ወንበር ሲገዙ ተቀምጠው ሳይሆን ወዝውዘው ነው፤ ሲጥ የሚል ወንበር በራቸውን አያልፍም። በሩንም፣ የመስታወት መስኮቱንም የገጠምኩት እኔ ነኝ። ማን እንደሠራው የጠየቀ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ማታ ማታ በየሰርጉ እየዘፈንኩ በድምፄም ስም ነበረኝ።

ዝናብ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ የቀረ ጊዜ፣ ረሃብ ሰውን ከነልጆቹ ከቀዬው ሲያፈናቅል፣ የከተማው ሙዚቀኞች ለተራቡት መርጃ የሚሆን አንድ ዘፈን በነፃ ለመዝፈን ተስማሙ። ቀረጻው ለወንድማችን ተሰጠ። ዘፋኞቹ መጋዘኑን ሞልተው ሲመጡ ግን ወንድማችን የነበራቸው ደህና ማይክሮፎን አንድ ብቻ ነበር። የመጀመሪያውን ስንኝ እኔ ልዝፈን የማይል አልነበረም። ወንድማችን አንዱን ማይክሮፎን መሀል ላይ አቁመው፣ ሰውን በዝናው ሳይሆን በድምፁ ጉልበት አሰለፉት፦ ድምፀ ቀጭኑ ወደ ፊት፣ ድምፀ ጉልበተኛው ወደ ኋላ።

«ሹክሹክታ» የምንላት ልጅ ማይክሮፎኑን ልትስመው ምንም አልቀራትም። በየሰርጉ የሚሻሙበት «ነጎድጓድ» ደግሞ ከኋላ ግድግዳ ጋር ተለጠፈ።

«እኔን? ከመጥረጊያው ጋር?» አለ።

«መጥረጊያውን እንኳ ላወጣልህ ነበር፤ ብቻህን ስትቆም እንዳትፈራ ብዬ ተውኩት» አሉት። ሳቁ ሲበርድ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ከበሩ ውጪ።»

ውጪ ማለት ኮሪደር ነው። የውኃ በርሜልና የመጸዳጃ ቤቱ በር ያለበት። «እዚያ ማን ያየኛል?» አልኳቸው። «ሰሚ በዓይኑ አይሰማም» ብለው በሩን ገርበብ አደረጉት። ዘፈንኩ። ቀረጻው ሲያልቅ ፎቶ አንሺ መጥቶ ሁሉንም በቆሙበት አነሳቸው። ያ ፎቶ የካሴቱ ሽፋን ሆነ። ሹክሹክታ ከፊት አለች፤ ነጎድጓድም ከነመጥረጊያው አለ። እኔ የገጠምኩት በር አለ፤ እኔ ግን የለሁም።

ዘፈኑ በየሱቁና በየአውቶቡሱ ተሰማ፤ በሽያጩም እህል ተገዝቶ ተጫነ። ሹፌሮቹ ዘፈኑን እያሰሙ ከከተማ ሲወጡ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ ሸኛቸው። ወንድማችንም ቆመው ያዩ ነበር፤ አጠገባቸው ሆኜ «ለምን ኮሪደር?» አልኳቸው። «ድምፅህን ቤቱ አልቻለውማ» አሉኝ። ይህ መልስ አይደለም። ነጎድጓድ ከእኔ ይበልጥ እንደሚጮህ ማንም ያውቃል፤ ታዲያ እሱ ከውስጥ፣ እኔ ከውጪ ስለምን? ሌላ ጊዜ ስጠይቃቸው «የተራበ ሰው ዱቄቱን እንጂ ፎቶውን አይጠይቅም» አሉኝ። አፌን አስያዙኝ፤ ሆዴን ግን አላስያዙትም። በልጆቻቸው ምርቃትም፣ በልጆቼ ሰርግም ይህንኑ ጥያቄ ሳላነሳ ቀርቼ አላውቅም። ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይስቃሉ።

ወንድማችን ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ምክንያት በቤትና በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተዋል። ሆስፒታሉ ከአንድ አስታማሚ በላይ ስለማያስገባ ባለቤታቸው ከውስጥ፣ እኔ ከውጪ ሆንን። «መቼም ኮሪደር ዕጣዬ ነው» አልኳቸው ለባለቤታቸው። ከትናንት ወዲያ ሐሙስ ጠዋት በሩ ገርበብ እንዳለ ትንፋሽ ሲስቡ ሰማሁ። የሚቀጥለውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ማንም ሳይጠራኝ ገባሁ።

ትናንት ዓርብ፣ የሥራቸው ወራሽ የሆነችው ትልቋ ልጃቸው ለዛሬው ሽኝት ያንኑ ዘፈን ልታለማምድ በሕይወት ያሉትን ዘፋኞችና አዳዲሶቹን መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበች። እንደ አባቷ አድርጋ አሰለፈቻቸው። ኮሪደር ላይ ያቆመችው ዛሬ ስሙ የገነነውን ወጣት ነው። እኔን ማንም አልጠየቀኝም፤ ለምጄዋለሁ። ልጁ ግን ደጋግሞ ዘግይቶ ገባ። ከዚያ ሆኖ፣ ዘፈኑን በእጅ ምልክት የምታስጀምረውን የወንድማችንን ልጅ አያይም፤ ድምፁን ሰምቶ ልግባ ሲል ደግሞ ዘፈኑ አምልጦታል።

«በቃ፣ እሱም ይግባና አብሮ ይዝፈን» አለ አንዱ።

«አይሆንም። አባዬ በዚህ ዘፈን ውስጥ ከሩቅ የሚጣራ ሰው አለ፣ ያለ እሱ የጠገበ ሰው ዘፈን ነው ይል ነበር» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አጎቴ፣ እስቲ አንተ ሂድ።»

ሄድኩ። በርሜሉ እስከ ዛሬ አለ። እንደጀመሩ እኩል ገባሁ፤ ሁለተኛ ሙከራም አላስፈለገም። ልጅቷ በበሩ ብቅ ብላ «እጅ ሳታይ እንዴት አወቅክ?» አለችኝ። «ትንፋሽ ሲስቡ ሰማኋ» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያ የአባታችን የጣውላ ግድግዳ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ለካ ወዲያ ማዶ ያለ ሰው ትንፋሽ ሲስብ ሰምቶ የሚነሳ ሰው ነበር የፈለጉት። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ከእኔ በቀር አያውቁም። ታዲያ ይህን በአፋቸው ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ይህ አሁንም አልዋጥልኝ ብሏል። ባለቤታቸውን ብጠይቃቸው «ግድግዳውን የረሳኸው አልመሰለውም ነበር» አሉኝ።

ወንድማችን ከባለቤታቸው፣ ከሦስት ልጆቻቸው፣ ከልጅ ልጆቻቸውና ከእኔ ተለይተዋል። ይህ ተነብቦ ሲያበቃ ዘፈኑ ይዘፈናል፤ እኔ ከአዳራሹ በር ውጪ ነኝ። ፎቶ አንሺ ካለ ፍለጋ አይልፋ።

ሐዘናችንን ለተካፈላችሁ ሁሉ እግራችሁ አይንቀጥቀጥ። ፈጣሪ የወንድማችንን ነፍስ በበጎ ይቀበልልን። አዲሱ ቤታቸው ሲገቡ እንደ ልማዳቸው ማጨብጨባቸው አይቀርምና፣ መልሱ መልካም ይሁንላቸው።