የስፌት መኪናው አይሸጥም

ኅዳር 12። የአባትህን የስፌት መኪና እንዲገዛ የላክኸውን ሰው ዛሬ አባረርኩት።

ልጄ፣ እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ። ተቆጥቼም እመርቅሃለሁ፤ ይቅር ብዬህ ግን አይደለም። «የታመመ እጅ ምን ይሰፋል?» ማለትህን ሰውዬው ራሱ ነገረኝ። አንተን ማን ጠየቀህ? ሐኪሙ እንኳ «እንጃ» ነው ያለው።

አባትህ ቀኝ እጁ ከሰለለ ጀምሮ በየማለዳው መኪናው ፊት አስቀምጠዋለሁ። «ጌታ ሆይ፣ የነገን አልጠየቅንህም፤ የዛሬን ስጠን» እላለሁ። አባትህ «አሜን» ይልና በግራ እጁ ከመርፌው ጋር ይታገላል። አንዳንድ ቀን የምጸልየው ጥርሴን ነክሼ ነው። ጌታ ቁጣዬን ይችለዋል፤ እኔ ያልቻልኩት አንተን ነው።

ዛሬም ከጸሎት እንደተነሳን ሰውዬህ ገባ። መኪናውን ሊያነሳ ሲያጎነብስ፣ አባትህ በዚያው በሰለለው እጁ ጨርቁን ጭብጥ አድርጎ ያዘ።

«ቆይ እንጂ ወንድሜ፣ እጅጌው አላለቀም!» አለው።

ሁለት ወር ሙሉ ያ እጅ ምንም ይዞ አያውቅም ነበር።

እግዚአብሔር ልቦና ይስጥህ። ለአባትህ ደውልለት፤ ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ እጅጌው ጠይቀው። ሰማያዊ ክር አልቆበት እየጮኸብኝ ነው፤ ሱቁ ሳይዘጋ ልሂድለት።