ውኃ ላይ ያደረችው ታንኳ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፲፪፤ ባሕር ዳር

ፕሮዲዩሰራችን ዛሬም "አልጋውን አሳዪ" አለኝ። ፊልሙ ለአዋቂዎች ነው። ታሪኩ አባባ በልጅነቴ የነገሩኝ ተረት ነው፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከሐይቅ የወጣች ሴት ያገባል። አባባ "ተጋቡ" ብለው ያልፉታል፤ እኔ ደግሞ ፊልሙን የጀመርሁት ያን የዘለሉትን ሌሊት ብዬ ነው። ግን ገላ ባሳየሁ ቁጥር ተረትነቱ ይጠፋብኛል።

ስለዚህ በአልጋው ፈንታ የማግስቱን ጧት ቀረጽሁ። ፀሐይ ወጥታለች። የጎረቤቶቹ ታንኳ ሁሉ ውኃው እንዲንጠፈጠፍ ዳር ላይ ቆሟል፤ የሙሽራው ብቻ ማታ እንደተዋት ውኃ ላይ ተኝታለች።

"ይኼ ደግሞ ለማን ይገባዋል?" አለኝ ፕሮዲዩሰሩ ቀረጻውን አይቶ። ተናድጄ ጥዬው ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ አባባ ዘንድ ሄድሁ። ታንኳዋን ከደንገል አስረው የሠሩልን እሳቸው ናቸው። ሙሽሮቹ ቤት ከሚገቡበት ጀምሬ ምንም ሳልናገር በስልኬ አሳየኋቸው። ታንኳዋን ሲያዩ ተቆጡ።

"ምን ያለው ሰነፍ ነው! ውኃ ላይ ካደረች ደንገሉ ይበሰብስ የለም እንዴ? አውጥቶ ሳያቆማት ምን አጣድፎት..."

"አስተግፊሩላህ!" ብለው ስልኩን መለሱልኝና ፊታቸውን ወደ ሐይቁ አዞሩ። ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ነገ ፕሮዲዩሰሩን ምን ብዬ እንደማሳምነው እንጃ። አባባ ግን ተሰናብቻቸው ስወጣ ከኋላዬ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ይችን ነገር ልጆች እንዳያዩዋት።"