ድምፅህ ያለበት ክፍል

ይድረስ ባለህበት ለልጄ፤ እንደምን ሰንብተሃል? እኔን ከጠየቅህ፣ ጉልበቴ እንጂ አፌ አልደከመም። የምትጽፍልኝ የልጅህ የኮምፒውተር መምህርት ናት፤ ቃሌን እንዳታሳምርብኝ አስጠንቅቄያታለሁ። ሦስቱ ደብዳቤዎቼ መልስ ያጡት በፖስታ ቤቱ ስንፍና ነው እላለሁ።

ልጅህ አራተኛ ክፍል ገብታለች። ኮምፒውተርን በጽሑፍ ማዘዝ ይማራሉ። እሷ ከስልኬ የድሮ የድምፅ መልእክትህን ወስዳ፣ በጻፈችለት ቁጥር «እንደምን ዋልሽ፣ የኔ ቀበጥ» እንዲላት አዘዘችው። ለወላጆች ቀን ተጠርቼ ኮምፒውተር ክፍላቸው ሄጄ ድምፅህን ስሰማ፣ ከወንበሬ ተነስቼ ወደ በሩ ዞርኩ። ልጆቹ ሳቁብኝ።

«አያዬ፣ አባዬ እኮ እዚህ ነው» አለችኝ ማሽኑን እየነካች።

«እስቲ የት እንዳለ ጠይቂው» አልኳት።

ጻፈችለት። ያንኑ መለሰላት።

«ሌላ አላስተማርኩትማ!» ብላ ተቆጣችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስልኬ ሲጮህ መሮጧን ትታለች። ጠዋት ጠዋት ግን ከሁሉም ቀድማ እዚያ ክፍል ትገባለች።

እኔ ሰው ለምኜ አላውቅም፤ አንተንም አልለምንህም። ብቻ አንድ ቃል ላክ። ስድብም ቢሆን ግድ የለኝም፤ ያ ማሽን የማያውቀው ይሁን።

ሰላምታዬ ባለህበት ያግኝህ።

አባትህ፤ ፊርማዬ አውራ ጣቴ ነው።